የአባባ ስምና የበጋው ኮርስ

ለምወድሽና ሁሌም ለምትናፍቂኝ ለእማዬ፤

እንደምን አለሽልኝ? እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ እንዴት ሆነ? ቀኑን ሙሉ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ፊት ቆመሽ ስለምትውይ ማታ ያብጥብኛል ብለሽኝ ነበር፤ በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፊው ያልኩሽን አደረግሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «እሺ» ብለሽ ተውሽው? ኤልዳርስ? ትምህርቱን ይዟል ወይስ መምህርቱ አሁንም በየሳምንቱ ታስጠራሻለች? በስልክ ሳናግረው በሩሲያኛ ነው የሚመልስልኝ፤ የገዛ ወንድሜን በአስተርጓሚ ላናግረው ነው እንዴ? አብራችሁ የምትኖረው እትዬ ራኪያስ ደህና ናት? አሁንም ስታንኮራፋ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ጤናዬን ማለቴ ነው። ሌላውን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

እንግዲህ «በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው?» ትያለሽ። ጎረቤታችን ዝያርኩል ልጇን ልትጠይቅ ወደ እናንተ ከተማ በአውቶቡስ ስለምትሄድ በእሷ እጅ ልኬልሽ ነው። አብሮት ያለው ከረጢት ኩሩት ነው። የባሌ የኩባት እናት ራሳቸው እርጎውን አጥልለው፣ አድበልብለው፣ ጣሪያ ላይ ያደረቁት ስለሆነ ጨው በዛበት ብለሽ እንዳትስቂ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። በስልክ ስናወራ እሳቸው አጠገቤ ሻይ ይጠጣሉ፤ ባይኖሩ እንኳ የዚህ ቤት ግድግዳ ጆሮ አለው። ስለዚህ ሁልጊዜ «ሁሉ ሰላም ነው» እልሻለሁ። አንቺም «ድምፅሽ ቀዘቀዘብኝ» ትያለሽ፤ እኔም «መስመሩ ነው» እላለሁ። ስለ በጋው በጠየቅሽኝ ቁጥር ወሬውን ወደ ኤልዳር የማዞረውም ለዚሁ ነው። እመጣ እንደሆነና እንዳልመጣ እዚህ ላይ ታገኚዋለሽ። እባክሽ ተቀምጠሽ አንብቢው፤ መጨረሻውን ደግሞ አስቀድመሽ እንዳታነቢ፣ አውቅሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከኮርስ ምርጫ ነው። በመኸር አራተኛ ዓመት እገባለሁ፤ የመጨረሻዬ ነው። ከዚያ በኋላ ስላለው የማስተርስ ትምህርት ነግሬሻለሁ፤ ስለ ውሃና ስለ ጎርፍ የሚጠናበት። ያ ጎርፍ ቤታችንን ጠርጎ አንቺን ሰው አገር ዳቦ ጋጋሪ፣ እኔን የአክስቴ ቤት ልጅ ካደረገን ጀምሮ አንድ ነገር ሆዴን ይበላዋል። ላይ ተራራው ላይ የወረደውን የሚለካ፣ ለክቶም «ውጡ!» ብሎ የሚደውል አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ሌላው ቢቀር ላሟ ትተርፍ ነበር። ያ ሰው መሆን እፈልጋለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም፤ ቤትም፣ ወርቅም፣ እማማ ያሰቡልኝ ትልቁ ማቀዝቀዣም አያምረኝም።

(እዚህ እማማ የምላቸው የኩባትን እናት ነው፤ አባባ የምላቸው አባቱን። አንቺ እማዬ ነሽ፤ እንዳትቀኚ።)

የማስተርሱ ክፍል ግን ያገኘውን አይቀበልም። ዲግሪውን ሲይዝ ሦስት ኮርሶች ወስዶ ያለፈ ብቻ ነው የሚገባው፤ ስታቲስቲክስ፣ ከፍተኛ ሒሳብና የፈሳሽ እንቅስቃሴ የሚሉት። ሦስት ብቻ! ቀላል ይመስላል አይደል? ስታቲስቲክስና ከፍተኛ ሒሳብ የሚሰጡት በመኸር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ሕንፃ። ይህን ፕሮግራም ያወጣው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ የመጣ ዕለት ያወጣው መሆን አለበት። የፈሳሽ እንቅስቃሴ ደግሞ በጸደይ ነው፤ ከፍተኛ ሒሳብ ያላለፈ አይገባበትም። ሚኒባስ ውስጥ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ብጽፈው፣ ብሰርዘው፣ ብገለብጠው አልገጥም አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ «የሠርግ እንግዳ ነው የምትደለድዪው?» አለችኝ፤ ምነው በሆነ!

የቀረኝ መንገድ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ከፍተኛ ሒሳቡን ክፍል ሳልገባ ራሴ አንብቤ እንድፈተን የዲፓርትመንቱ ኮሚቴ ቢፈቅድልኝ ነው። ሁለተኛው የበጋው ኮርስ ነው፤ በጋውን ሙሉ እዚሁ ተቀምጬ ሒሳቡን መጨረስ። በጋውን ሙሉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ፤ ሠርጌን እንኳ ከወጣሽ አያስመልሱሽም ተብሎ በስልክ ነው ያየሽው። የሠርጉ ዕለት አክስቴ እትዬ ሮዛ ስልኩን ወደ እኔ አዙራ ስትይዘው መሐረብሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ አየሁሽና ከዚያ ወዲያ ቀና ብዬ አላየሁም። ሰው «ምን ያለች ጨዋ ሙሽራ ናት፣ አንገቷን አላቀናችም» አለ። በዚህ በጋ እመጣለሁ ያልኩሽ ከልቤ ነበር። ስለዚህ ተስፋዬን ሁሉ የጣልኩት ኮሚቴው ላይ ነው።

የእማማ መንገድ የሚባል ሦስተኛም አለ። «የመምህርነቱን ኮርሶች ውሰጂ» ይሉኛል፤ «እዚሁ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ትቀጠሪያለሽ፣ ለምሳ ቤትሽ ትደርሻለሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ሰማይ ስትለኪ ልትኖሪ ነው? ሰማዩ ተለክቶ ምን ሊሰፋለት ነው?» ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቤት የራቀ ሰው ሲያልቅ ያዩ ሰው ናቸው፤ ያላቸው አንድ ልጅ ኩባትም የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ቻይና ድንበር ላይ ነው ኑሮው።

አሁን ስለ ስም ላውራሽ። ምራት የባሏን አባት ስም እንደማትጠራ አንቺን አላስተምርሽም፤ የአባቴን አባት ስም አንድ ቀን ሳትጠሪ ነው የቀበርሻቸው። አንቺ ግን ዕድለኛ ነበርሽ፤ የእሳቸው ስም በየቀኑ የሚያስፈልግ ቃል አልነበረም። የእኔ አባባ ስም ያው እንደምታውቂው ከደመና የሚወርደው ውሃ ነው። ከዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ ያን ቃል ከአፌ አላወጣሁትም። ይኸው አሁን እንኳ በጽሑፍ ይፈቀድ አይፈቀድ ማንን ልጠይቅ? ስለዚህ ሌላ ሰው ያለውን ካልጠቀስኩ በቀር እዞረዋለሁ። ሲያካፋ «አርጣቢው መጣ» እላለሁ፤ ሲበረታ «ከላይ ወረደ» እላለሁ።

የሚያዝያውን ጉድ አልነገርኩሽም። እማማ ያንን ትልቁን የበግ ጸጉር ምንጣፍ አጥበው ግቢ አስጥተው ጎረቤት ሄዱ። ሰማዩ ጠቆረ። አባባ ጓሮ ናቸው፣ እኔ እጄ ሊጥ ነው። በሩ ላይ ቆሜ «አባባ! መጣ! ከላይ እየመጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከላይኛው መንገድ እንግዳ የመጣ መስሏቸው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጺማቸውን አስተካክለው የግቢውን በር ከፍተው ቆሙ። «የታለ?» ይሉኛል። «እየወረደ ነው!» እላለሁ። «ይውረዳ! ፈረሱን የሚይዝለት አጥቶ ነው?» ይሉኛል። እንዲህ ስንባባል ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ የወይፈን ያህል ከበደ። እማማ ተመልሰው ሲያዩን «አንቺ ልጅ፣ አፍ የለሽም?» አሉኝ። አፍስ አለኝ፤ ቃሉን ነው የነሱኝ። ጓዳ ገብቼ በሳቅ ሆዴን ይዤ ተንከባለልኩ። ከዚያ ሳቄን የምነግረው ሰው ስፈልግ ማንም የለም። ስልኬን አነሳሁ፣ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ። ያን ቀን ሳቁ በምን ቅጽበት ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላወቅሁትም።

ዩኒቨርሲቲ ግን ይህ ነገር ቸግሮኝ አያውቅም፤ የምንማረው በሩሲያኛ ነዋ። በሩሲያኛ «ዶዥድ» እያልኩ እንደ ልቤ እጮሃለሁ። አባባ በሩሲያኛ አልተሰየሙም፤ ክልክሉ እዚያ አይደርስም። ዘንድሮ ግን ኮሚቴው ፊት የምንናገረው በገዛ ቋንቋችን ይሁን ተባለ። ስሰማ ደስ አለኝ፤ በአፍ መፍቻዬ ላወራ ነው፣ ሊቀናኝ ነው ብዬ። ሞኝ! አንዴ እንኳ ትዝ አይለኝም?

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢዋ ታማራ ሴይቶቭና ናቸው፤ ጸጉራቸውን ሲያስሩት ቅንድባቸው አብሮ የሚሳብ ሴትዮ። ሌላው አንድ እንቅልፋም አዛውንት መምህር ናቸው። ሦስተኛው ውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው። ሻሼን አስተካክዬ ገባሁ። ስለ መንደራችን ጎርፍ ስጀምር ደህና ሄደልኝ፤ አዛውንቱ እንኳ ነቁ። «ጎርፉን ያመጣው» አልኩና «በአጭር ጊዜ ብዙ...» ስል ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ቆመ። እማዬ፣ እንደ ዓሣ እሾህ ነው የቆመው። «ብዙ... ከላይ የሚወርደው ሲወርድ» አልኩ።

ወጣቱ «ከላይ የሚወርደው ምንድነው? ጣሪያ ነው?» አለኝ። «አርጣቢው» አልኩ። «አርጣቢውስ ማነው? ሕፃን ልጅ ነው?» አለ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። አዛውንቱም ሳቁ። ታማራ ሴይቶቭና አልሳቁም፤ እሱ ባሰብኝ። «ልጄ፣ ‹ጃምጊር› የሚለውን ቃል አታውቂውም? የሙያሽ የመጀመሪያ ቃል እኮ ነው። በይ እስቲ፣ ‹ጃምጊር› በይ» አሉኝ። «በሩሲያኛ ልበለው?» ብዬ ለመንኳቸው። አይሆንም፣ ደንቡ ደንብ ነው አሉ።

ምክንያቱን መናገር እችል ነበር። «የባሌ አባት ስም ነው» ማለት ምን ይከብዳል? ግን ያ ወጣት ሲያየኝ፣ ከተራራ የወረደችው ምራት የሚል ወሬ ሆኜ ኮሪደሩን ስዞር ታየኝ። አፈርኩ። በአባባ ነው ያፈርኩት ወይስ በራሴ እስካሁን አልገባኝም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይሉ የለ? ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ፤ በሙያው ቃላት ሐሳቧን መግለጽ ስለሚቀራት በግል ማንበብ አልተፈቀደላትም፣ ክፍል ገብታ ትማር ይላል። ሌሎቹ ልጆች «ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ። ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሮጥኩ፤ ሚኒባሱ ግን አልቸኮለም ነበር።

ቤት ስገባ እማማ ገና ፊቴን እንዳዩ «ምን ሆንሽ?» አሉኝና ነገርኳቸው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አላቸው። «እሰይ የኔ ልጅ! አሳዳጊሽ ትመስገን! ለሒሳብ ብላ የሽማግሌ ስም የምታራክስ ምራት አይደለችም የገባችልኝ» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። አንቺን ነው ያመሰገኑት እማዬ፤ እንኳን ደስ ያለሽ። «ታዲያ መምህርነቱ ምን አለው? አላህ ራሱ መንገዱን አሳየሽ» አሉ። አባባ ስኒያቸውን ወደ እኔ ገፉት። መቼም ሻይ በግማሽ ስኒ ነው የምንቀዳው፣ ሞልቶ መስጠት «ጠጣና ሂድ» ማለት ነው። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ እስከ አፉ ሞላሁት። አዩት፣ አዩኝ፣ ጠጡት።

በማግስቱ ጠዋት ልወጣ ስል አባባ ነጩን ባርኔጣቸውን አድርገው የግቢው በር ላይ ቆመዋል። «ወዴት ነው አባባ?» አልኳቸው። «ትምህርት ቤትሽ» አሉ። «ምን ሊያደርጉ?» ብላቸው «ልመዘገብ ነው፤ አርጅቷል አይሉኝም መቼም» አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ሽማግሌው ሊያዋርዱኝ ነው ወይስ ሊዋረዱ ነው እያልኩ አብሬያቸው ሄድኩ።

የታማራ ሴይቶቭናን ቢሮ አንኳኩተው ገቡና «ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጃምጊርቤክ እኔ ነኝ» አሉ። ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «የትኛው ጃምጊርቤክ?» «ትናንት ይቺ ልጅ ልትጠራው ያቃታት። ሙያዋን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ እኔን ብላ ነው። ጥፋት ካለ ይህን ስም ያወጡልኝ የአባቴ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ መክሰስ ከፈለጉ መቃብራቸውን አሳይዎታለሁ።» እኔ እዚያ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ቆሜያለሁ።

ታማራ ሴይቶቭና መነጽራቸውን አወለቁና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «የኔ አማት ታሽቴሚር ነበሩ» አሉ፤ «ድንጋይም ብረትም በአንድ ስም! እኔ ደግሞ የማስተምረው ስለ ድንጋይ። ቤት ስገባ ‹ጠጣሩ፣ ጠጣሩ› እያልኩ አረጀሁ። ምነው ልጄ፣ አንድ ቃል ብትተነፍሺ?» «አፍሬ ነው» አልኳቸው። «በማን?» አሉኝ። አባባ አጠገቤ ናቸው፤ ምን ልበል? ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ መስኮቱን አዩ።

ከዚያ ግን ሴትዮዋ ሳቃቸውን ዋጡት። ኮሚቴው ተበትኗል፣ ቃለ ጉባኤው ወደ ላይ ሄዷል። «እኔ ገብቶኛል፤ ማህተሙ ግን አይገባውም» አሉ። የቀረው የበጋው ኮርስ ነው፤ እስከ ዓርብ ፈርሚ፣ ካልፈረምሽ ከፍተኛ ሒሳብ የለም፣ ከፍተኛ ሒሳብ ከሌለ የፈሳሽ እንቅስቃሴ የለም፣ እሱ ከሌለ ማስተርሱን እርሺው አሉኝ። አባባ ደስ አላቸው። «ይኸው! መንገድ አለ ማለት ነው! በጋ ደግሞ ምን ሥራ አለሽ?» ብለው ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ነው የነገርኳቸው። «በጋ እናቴ ጋ ልሄድ ነበር» አልኳቸው። «ስንት ጊዜሽ ነው ካየሻት?» አሉ። «ሦስት ዓመት» አልኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቆይተው፣ «በይ ጥሪኝ» አሉኝ። «ምን?» «ስሜን ጥሪው። እኔው ፈቅጃለሁ። እንዲህ ያለ ዋጋ ያስከፍልሻል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በይ!» አፌን ከፈትኩ እማዬ፤ ለእሳቸው ስል እንኳ ልለው ፈልጌ ነበር። የወጣው ለቅሶ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ከኋላ ያሉ አንዲት አሮጊት «አንተ ሽማግሌ፣ አታፍርም? ምን አድርገህ ነው ልጅቱን የምታስለቅሳት?» ብለው ጮሁባቸው። አባባ «ስሜን ጥሪ ብያት ነው» አሉ። አሮጊቷ «እንዲህ የሚያስለቅስ ስም ምን ዓይነት ስም ነው?» አሉ። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ደጅ ወጥተው ሰማዩን ያዩና «ምራት፣ ያ ደመና ምን ይዞልን መጣ?» ይሉኛል። «ዶዥድ» እላቸዋለሁ። «አጭበርባሪ!» ይሉኛል።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ደግ ሆኖልኛል፤ እሱን እንዳትረሺ። ግን ብቻዬን ነኝ እማዬ። ለኩባት ስልክ እስኪሠራለት ጠብቄ ነገርኩት፤ «አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ከጎንሽ ነኝ» አለኝ። ከጎኔ ማለት ከተራራው ወዲያ፣ ድንበሩ ላይ መኪና ተሰልፎ ነው። ታማራ ሴይቶቭና «አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። አባባም «አንቺ ታውቂያለሽ»። የዶርም ጓደኞቼ ድሮ አልጋ ላይ ተቃቅፈን ኮርስ የመረጥን ልጆች፣ አሁን ማታ ሻይ ቀጂ ስለሆንኩ መጥራቱን ትተውኛል፤ እኔም ሲሳሳቁ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ቤት ደግሞ ምራት ነኝ። ምራት፣ ዱቄቱን አምጪ፤ ምራት፣ በሩን ዝጊ። ይህ ሁሉ ሰው አንቺ ታውቂያለሽ ይለኛል፤ እኔ ግን ምንም አላውቅም። አንዳንዴ ሚኒባሱ ላይ ሰፈሬን አልፌ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሄዳለሁ፤ ትንሽ ማንም ሳይሆኑ መቀመጥ ያምራል። ሹፌሩ «እህት፣ አልቋል» ሲለኝ እወርዳለሁ።

አንቺን ለምን አልጠየቅኩሽም ትያለሽ። ብጠይቅሽ «ተማሪ» እንደምትይኝ አውቃለሁ፤ ያን ስትይ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ ከአንቺ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ያን ድምፅ መስማት አልፈለግኩም። ምናልባት ደግሞ «ነይ» ብትይኝስ? እማዬ፣ «ነይ» ብትይኝ ሒሳቡንም ፈሳሹንም ሰማዩንም ጥዬ፣ የእማማን መምህርነት በደስታ ተቀብዬ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ሌላ መንደር ላይ ተራራው ሲደረመስ በዜና እሰማና፣ እዚያ የሌለውን ሰው አስበዋለሁ። ያ ሰው ደግሞ እኔ እሆናለሁ። ለዚህ ነው ሳልጠይቅሽ የወሰንኩት።

ዓርብ ዕለት ሄጄ ፈረምኩ። የበጋው ኮርስ፣ ከዚያ በመኸር ስታቲስቲክስ፣ በጸደይ የፈሳሽ እንቅስቃሴ። ገጠመ። ስንት ወር ሲያምሰኝ የከረመው ወረቀት እንዲያ ልክክ ሲል እልል ማለት ነበረብኝ። ጸሐፊዋ «ምነው፣ ሰው ሞቶብሻል?» አለችኝ። አልሞተብኝም አልኳት።

እሁድ ዕለት አንቺ ደወልሽ። ገና «ሄሎ» ሳልል «የሚታጠፍ አልጋ ገዛሁልሽ!» አልሽኝ። ከእኔ አልጋ ጋር ገጥሞ ይዘረጋል፣ መሄጃ ስለማይቀር ራኪያ ሽንት ቤት ስትሄድ እየዘለለች ትሂድ ብለሽ ሳቅሽ። ኤልዳርም ከኋላሽ በኪርጊዝኛ፣ በዚያ በተሰባበረው፣ «እኔ ሞከርኩት፣ ጥሩ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከፈረምኩ ሁለት ቀኔ ነበር። እማማ አጠገቤ ናቸው። «ደስ ይላል እማዬ» አልኩሽ። ሌላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

አልመጣም እማዬ። በዚህ በጋ አልመጣም። አልጋውን ግን ለሱቁ እንዳትመልሺው፤ አጥፈሽም እንዳታስቀምጪው። ከአልጋሽ ጎን እንደተዘረጋ ይሁን፣ ኤልዳርም ልብሱን አይከምርበት፤ በሌሊት ስትነቂ እጅሽን ዘርግተሽ ንኪው። እኔም እዚህ ስነቃ እንደነካሽው አውቃለሁ።

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሺልኝ። ኤልዳርን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ለደብዳቤዬ በኪርጊዝኛ አንድ ገጽ ካልመለሰ እህት የለውም በይው። እትዬ ራኪያን ሰላም በይልኝ፤ አንቺ ስታለቅሺ አጠገብሽ ያለችው ሰው እሷ ስለሆነች ብታንኮራፋብሽም አይክፋሽ። ከዚህ ቤት እማማ ሰላም ይሉሻል፤ ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የያዝኳት ብለዋል፣ እውነታቸውን ነው። ኩባት ከመንገድ ሆኖ ጤናሽን ይጠይቃል። አባባ ደግሞ ደብዳቤ እየጻፍኩ መሆኑን አይተው ብዙ ቆሙና «ስሜ ነው ልጅሽን ያስቀረብሽ፤ ይቅር በይኝ በይልኝ» አሉ። መልሱ የአንቺ ነው።

ልጅሽ ካኒሻይ
ቢሽኬክ፣ ሰኔ 2 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.